«በላህ?» እና «በላህ ወይ?»፦ የስኪዞፍሬኒያ የአንጎል ጥናት ለንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያ የሚነግረው

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ስኪዞፍሬኒያ (ሐሳብንና እውነታን የመረዳት አቅምን የሚያውክ የአእምሮ ሕመም) ያለበትን ወጣት ልጃቸውን ይዘው ወደምሠራበት የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ክፍል መጡ። ሕመሙን ሐኪሙ እየተከታተለው ነበር፤ እሳቸውን ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። «ልጄ፣ ስጠይቀው ዝም ይለኛል፤ ንቆኝ ነው መሰለኝ» አሉኝ። እፊቴም «በላህ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱ ቀና ብሎ አያቸውና መልሶ አቀረቀረ። ትንሽ ቆይቼ እኔ «ቁርስ በላህ ወይ?» ስለው ግን ወዲያው «አዎ፣ ፍርፍር» ሲል መለሰልኝ።

የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት ልብ ያልኩት ስለ ስኪዞፍሬኒያና ስለ አንጎል የተሠሩ ጥናቶችን ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ተመራማሪው ዳንኤል ጃቪትና ባልደረቦቹ በኒው ዮርክ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ብዙ ሕሙማን የሁለት ድምፆችን ቅጥነትና ውፍረት መለየት እንደሚቸግራቸው፣ ይህም በሰው ድምፅ ውስጥ ያለውን ቁጣ፣ ሐዘን ወይም ደስታ ለይቶ ካለማወቅ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ቀላል ነገር አይደለም። «በላህ» የሚለውን ቃል ከወሬ ወደ ጥያቄ የሚቀይረው ብዙ ጊዜ የድምፁ ከፍ ማለት ብቻ ነው፤ «ወይ» ሲጨመርበት ግን ጥያቄነቱ በቃል ተነግሯል። በአንድ ወጣት ላይ ካየሁት ተነስቼ ስለ ሁሉም ልደመድም አልችልም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ለቤተሰብ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር ጥያቄን በጥያቄ ቃል መጠየቅን፣ ቁጣንም ሆነ ፍቅርን በድምፅ ብቻ ከማስተላለፍ ይልቅ በቃል መናገርን ይመለከታል። እናትየው «ንቆኝ ነው» ያሉት ዝምታ፣ ጥያቄው እንደ ጥያቄ ስላልተሰማ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

የሕመሙን ስም ያወጣው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር፣ በእ.ኤ.አ. 1911 ባሳተመው ሥራው የተዘበራረቀውን ንግግር ያስረዳው በሐሳብ ትስስር መላላት ነበር። ከእሱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ንግግሩ የታየው የሐሳብ መስታወት ተደርጎ ብቻ ስለሆነ፣ የንግግር ባለሙያ በዚህ ሕመም ውስጥ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ እምብዛም አልተነሳም። በእ.ኤ.አ. 1992 በቦስተን 15 ሕሙማን የአንጎልን ምስል በሚያነሳው መሣሪያ በኤምአርአይ ሲመረመሩ፣ በግራ በኩል ከጆሮ ከፍ ብሎ የሚገኘውና የሰማነውን ንግግር የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል አንሶ ተገኘ፤ የመጠኑ ማነስም ከሐሳብ መዘበራረቁ ክብደት ጋር ይያያዝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ለንደን ውስጥ ሕሙማን የሌለ ድምፅ በሚሰሙበት ሰዓት፣ ለመናገር የሚያገለግለው የብሮካ አካባቢ የደም ዝውውሩ ጨምሮ ታየ። ተመራማሪዎቹ ጁዲት ፎርድና ዳንኤል ማታሎን ደግሞ ጤናማ ሰው ሲናገር አንጎሉ ለራሱ ድምፅ የሚሰጠውን ምላሽ እንደሚቀንስ፣ በስኪዞፍሬኒያ ግን ይህ ቅነሳ ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚህን አንድ ላይ ሳነብ፣ የሚሰማው ድምፅ በአንጎሉ ውስጥ ከሚካሄድ ነገር የመጣ ሊሆን እንደሚችል ተረድቼ፣ ታማሚው «ሰዎች ያናግሩኛል» ሲለኝ ከመከራከር ይልቅ ድምፁ መቼ እንደሚበረታና እኛ ስናወራ ይቀንስለት እንደሆነ መጠየቅን ተማርኩ።

ብዙ ጊዜ የምንሠራው ግን «ማን?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሲያወራ ስለ ማን እንደሚናገር ለአድማጩ ግልጽ አለማድረጉ በእንግሊዝኛ በተሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ታይቷል። አማርኛ ደግሞ ባለቤቱንም ተሳቢውንም በግሱ ውስጥ ስለሚሸሽግ፣ «መጣና ነገረው፤ ከዚያ መታው» የሚል ዓረፍተ ነገር ስሕተት ሳይኖርበት አድማጩን ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ እውነት ነው አይደለም ወደሚለው ሳልገባ፣ በየዓረፍተ ነገሩ የሰውየውን ስም እንዲጠራ አብረን እንለማመዳለን።

አማርኛ ከእንግሊዝኛ እንዲህ ስለሚለይ ንግግርን በኮምፒውተር መርምሮ ሕመሙን አስቀድሞ ስለመተንበይ የሚነገረውን በጥንቃቄ አያለሁ። በእ.ኤ.አ. 2015 የታተመ አንድ ጥናት ለሕመሙ ተጋላጭ ከሆኑ 34 ወጣቶች መካከል በኋላ የታመሙትን 5 ወጣቶች በትክክል ለይቷል፤ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ቁጥሩ ትንሽ ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ «ዛት» እና «ዊች» የመሳሰሉ፣ አንዱን ሐረግ ከሌላው የሚያያይዙ የእንግሊዝኛ ቃላት አጠቃቀም ነበር። አማርኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ከግሱ ፊት በሚለጠፈው «የ» ነውና፣ መሣሪያው እንዳለ ተገልብጦ ቢመጣ ምን እንደሚለካ አይታወቅም።

አንጎልን ስናነሳ መድኃኒቱንም መርሳት የለብንም። ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል ሥራ የሚገቱት የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቶች አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የምላስና የከንፈር ያልታሰበ እንቅስቃሴ፣ የአፍ መድረቅ ወይም የመዋጥ ችግር ያስከትላሉ፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ክሎዛፒን ደግሞ ምራቅ ያበዛል። የተኮላተፈ ንግግር ሁሉ ከሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ትንታም ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። አሁን ማንኛውም ቤተሰብ ሲመጣ ስለ ንግግሩ ከመጠየቄ በፊት «ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል ወይ? ሲበላ ያስለዋል ወይ?» እላለሁ፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ መድኃኒቱ በራስ እንዳይቋረጥ አስጠንቅቄ፣ በዚያው ቀን ለሐኪሙ እጽፋለሁ።