ባለ 16 ቴራው

ላፕቶፔ ታመመች። ስከፍታት ከሆዷ "ቀጭ… ቀጭ… ቀጭ" የሚል ድምፅ ይወጣል። አንድ ፋይል እስክትከፍት ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ይደርሳል። ሰፈራችን ላፕቶፕ የሚጠግን ልጅ አለ። ጆሮውን ኪቦርዱ ላይ ለጥፎ እንደ ሐኪም አዳመጣትና "ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ እየሄደ ነው። ሳይሞት ዳታዎን ያውጡ" አለኝ።

እኔ 41 ዓመቴ ነው። "ዳታዎን" መባሌ ከሃርድ ዲስኩ በላይ አመመኝ።

"ኤክስተርናል፣ ከውጭ የሚሰካ ዲስክ ይግዙ። ርካሽ ግን እንዳይገዙ" ሲል ጨመረ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በደንብ ሰማሁ።

ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። ሁለት ሱቅ ገብቼ የ1 ቴራ፣ ማለትም የ1,000 ጊጋ ዋጋ ጠየቅኩና ሁለቱንም ጊዜ "እመለሳለሁ" ብዬ ወጣሁ። ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴውም እኔም እናውቃለን። ሦስተኛው ሱቅ እንኳን አይባልም፤ የስልክ ካቨርና ቻርጀር የተደረደረበት ጠረጴዛ ነው።

"ብራዘር፣ ኤክስተርናል ነው? 16 ቴራ አለ።"

"ስንት?"

"ለአንተ 1,500።"

በጭንቅላቴ አካፈልኩ። አንዱ ቴራ 94 ብር አይሞላም። አንድ ቴራ በአንድ ማኪያቶ! ቅድም ያየኋቸው ሁለቱ ባለሱቆች ዓይኔ ላይ ወንበዴ ሆኑ።

"ኦሪጅናል ነው?" አልኩት። "አይ፣ ፎርጅድ ነው" ብሎ የመለሰልኝ ነጋዴ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም፤ መጠየቄን ግን አልተውኩም።

"የዱባይ ኦሪጅናል!"

ሳጥኑ ላይ የሠራው ድርጅት ስም የለም። የሮኬት ሥዕል ግን አለ። ዕቃውን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ከበድ ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔን የገዛኝ ይሄ ክብደት ነው። የውሸት ዕቃ ይቀላል ብዬ ነው የማምነው። እሱ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ አሳየኝ፤ 16 ቴራ፣ አንድም ሳይጎድል። ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። 1,500 ብሬን ቆጥሬ ሰጠሁ። ሃምሳ ብር እንኳን አላስቀነስኩም፤ አሳዘነኝ እኮ ሰውየው።

ቤት ገብቼ የራሴን 40 ጊጋ ገለበጥኩ። ዘገምተኛ ነው። ቢሆንም ገባ፤ ስከፍተውም ይከፈታል። ላፕቶፔ በሳምንቱ አረፈች። "አየሽ!" አልኳት ባለቤቴን፣ "ይሄን ባልገዛ ኖሮ?"

ከዚያ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ላይ አስተማሪ ሆንኩ። ቢሮ ሻይ ሰዓት ላይ ስለ ባክአፕ፣ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ እሰብካለሁ። "ቦታ ሞላብኝ" የሚል ሰው ከሰማሁ "አምጣ፣ እኔ ጋ 16 ቴራ አለ" እላለሁ፤ ልክ ሱሉልታ ላይ ትርፍ መሬት እንዳለው ሰው። የአክስቴ ልጅ የሰርጉን ቪዲዮ ከነዲጄው ሚክስ ይዞ መጣ። የሥራ ባልደረባዬ የልጆቿን ፎቶ አመጣች። ቤተሰቡ "ባለ 16 ቴራው" ይለኝ ጀመር፤ እኔም አልጠላሁትም።

ከሁሉ የከበደው አደራ የጋሼ ነበር። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። 84 ዓመቱ ነው፤ የዘር ሐረጋችንን ሰባት ቤት ድረስ ሳይሳሳት የሚቆጥር እሱ ብቻ ቀርቷል። የልጅ ልጁ በስልኳ አራት ሰዓት ሙሉ ቀድታው ነበርና ቅጂውን ሰጠችኝ። "ቤተሰብ ግሩፕ ላይም ቴሌግራም ለቅቄዋለሁ" አለችኝ። ሳቅኩባት። "የኔ ልጅ፣ ቴሌግራም ባክአፕ አይባልም" አልኳት። በዚህ አፌ።

እንቁጣጣሽ ደረሰ። ዘመድ ሁሉ ጋሼ ቤት ተሰብስቧል። ዶሮው ተበልቶ ቡናው እየተቆላ ነው። እኔ የልጄን ላፕቶፕና ስፒከር ይዤ ተነሳሁ፤ አጭር ንግግርም አደረግኩ። "ይህ ታሪክ ለልጅ ልጆቻችን ይተላለፋል" ምናምን። ከዚያ አጫወትኩት።

የጋሼ ድምፅ ቤቱን ሞላው። "አምስተኛው አያታችን ደግ ሰው ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። የመጀመሪያው…"

"እጅ ወደ ላይ! የሙሽራው ወገኖች የት ናችሁ?!"

ከዚያ ከበሮ። ከዚያ እልልታ። ድምፁን ደግሞ ሁሉም እንዲሰማ ብዬ እስከ መጨረሻው ከፍቼዋለሁ። ቡና የምትቆላው ልጅ ማንከሽከሻውን ለቀቀችው። እኔ ላፕቶፑ ላይ ያገኘሁትን እጫናለሁ፤ ዲጄው "አልሰማኋችሁም!" እያለ ይጮኻል። የአክስቴ ልጅ ከጥግ ሆኖ "እንዴ፣ ይሄ የኔ ሰርግ ነው!" አለ።

በመጨረሻ ጠፋ። ቤቱ ጭጭ አለ። ጋሼ ነጠላውን አስተካከለና ረጋ ብሎ "ይሄኛውን ልጅ እንኳን አላውቀውም" አለ።

ፎቶዎቹን ከፈትኩ። የባልደረባዬ ትልቁ ልጅ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው አለ፤ ከአፍንጫው በታች አመድማ ግድግዳ ነው። የሰርጉ ቪዲዮ ጭራሽ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ይላል። ስሙ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ውስጡ የለም።

በማግስቱ ላፕቶፕ ጠጋኙ ልጅ ጋ ሄድኩ። ዕቃውን አየው፣ ዋጋውን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ምንም አላለም። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አንስቶ ፕላስቲኩን በጎን በኩል ፈለቀቀው። ውስጡ የጥፍር መጠን ያላት የስልክ ሚሞሪ ካርድ አለች። 64 ጊጋ ይላል ላይዋ። አጠገቧ በሙጫ የተለጠፉ ሦስት ዳዶዎች አሉ። አዎ፣ የብሎን ዳዶ። ያ ልቤን የገዛው ክብደት እነሱ ናቸው።

"እዚህች ቺፕ ላይ የውሸት ቁጥር ጽፈውባታል" አለኝ። "ኮምፒውተሩ 'ስንት ትይዣለሽ?' ሲላት '16 ቴራ' ትላለች፤ እሱም ያምናታል። ስትሞላ ደግሞ 'ሞላሁ' አትልም። ዞራ የድሮው ላይ ትጽፋለች። ዝርዝሩ ግን እንዳለ ይቀመጣል፤ ለዚህ ነው ስሙ ኖሮ ውስጡ የሚጠፋው።"

"ዲጄውስ?"

"ኤምፒ3 በትንንሽ ቁራጭ ነው የሚቀመጠው። ማጫወቻው ቀጥሎ ያገኘውን ጤነኛ ቁራጭ ይዞ ይቀጥላል። የማን ይሁን አይጠይቅም።"

ከዚያ ያላስተማረኝ የለም። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ናቸው፤ ሮኬት ከመሃላቸው የለም። በእጅ የሚያዘው ባለ ሽክርክሩ፣ ውስጡ ዲስክ የሚዞርበት ኤክስተርናል 6 ቴራ የደረሰው ገና በ2024 ነው። 16 ቴራ የሚይዘው ሃርድ ዲስክ ጡብ የሚያክለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ አዳፕተር ያለው የጠረጴዛ ዕቃ ነው። "እንግዲያው ኤስኤስዲ፣ ያንን በቺፕ ብቻ የሚሠራውን ልግዛ?" አልኩት። በሚኒባስ ይዘውት የሚዞሩ ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ወድቆም ይተርፋል አለኝ። መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ለሚረሱት ግን ባለ ሽክርክሩ ይሻላል፤ በዚያው ብር ብዙ ቴራ ይገዛል፣ ኤስኤስዲ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሳይሰካ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ የያዘውን ሊረሳ ይችላል።

"ደግሞ ሁለት ይግዙ" አለ። "ከላፕቶፑ አጥፍተው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካስቀመጡት እሱ ኮፒ መሆኑ ቀርቶ ዋናው ሆነ ማለት ነው።"

ሁለት መግዛቱ ይቆየን። አንድ ባለ 2 ቴራ ገዛሁ፤ ዋጋው የዚያኛው ስምንት እጥፍ። መጀመሪያ "እመለሳለሁ" ብዬ ከወጣሁበት ሱቅ ነው የገዛሁት። በቋንቋችን ታሪክ ከ"እመለሳለሁ" በኋላ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ቤት ገብቼ ሰካሁት። ምን ይላል? 1.81 ቴራ።

ደሜ ፈላ። አጭበርባሪው 16 ብሎኝ 16 አሳይቶኛል፤ ይሄ "ታማኝ" የተባለው ገና ሳልነካው ጎድሎ ተገኘ! ተመልሼ ሄጄ ሱቁ መሃል ቆሜ "የቀረችው ዜሮ ነጥብ 19 የት ገባች?" ብዬ ጮህኩ። ደንበኛ ሁሉ ዞረ። ባለሱቁ የዋህ ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ 2 ላይ አሥራ ሁለት ዜሮ ደረደረና ለ1,024 አካፈለ። ደገመ። ሠለሰ። አራተኛው ላይ 1.81 መጣ። "ፋብሪካው በ1,000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1,024። የሁሉም እንዲህ ነው ጋሼ" አለኝ። እሱም "ጋሼ"። ይቅርታ ጠይቄ አንድ የማያስፈልገኝ ፍላሽ ገዝቼ ወጣሁ።

ያም ሆኖ ማን ያምናል? ልጁ ዲስክን ሞልቶ መልሶ የሚያነብ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጭኖልኛል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አስጀመርኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጻፉ ስድስት ሰዓት፣ የማንበቡ ስድስት ሰዓት። መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ አደርኩ። ባለቤቴ ሌሊት ውኃ ልትጠጣ ወጥታ አየችኝ። "ልጆቹ ሲያተኩሳቸው እንኳን እንዲህ አላደርክም" ብላኝ ተመልሳ ተኛች። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውጤቱ መጣ፤ ምንም ስህተት የለም።

የጋሼ ቅጂስ? ቤተሰብ ግሩፑ ላይ፣ ከመልካም በዓል አበቦችና ከ"ሎተሪ ደረሰዎት" ማጭበርበሪያዎች ሥር፣ አራቱም ሰዓት እንዳለ ተቀምጧል። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ሊንኩን ብቻ ላከችልኝ፤ ከሥሩ አንድ ፈገግታ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው እሑድ መጣ። ቪዲዮውን ከሰርጉ ካሜራማን እንደ ምንም አስፈልጎ አግኝቶታል። ፍላሹን እጁ ላይ እያሽከረከረ "አዲስ ገዛህ አሉ፤ ስንት ቴራ ነው?" አለኝ።

"1.81።"

ትንሽ አሰበና ፍላሹን ኪሱ መለሰው። "ያኛው ይሻል ነበር" ብሎኝ ሄደ።