532 ለምን 532 ሆነ?

ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ስሌት) የተማረ ሰው ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም ትልቁ የዘመን ዙር፣ 532 ዓመት መሆኑን በቃሉ ይወጣዋል። ለምን 500 ወይም 600 እንዳልሆነ ለማወቅ ግን ቁጥሩን መበተን ነው።

532 ለ2 ሲካፈል 266፣ እንደገና ለ2 ሲካፈል 133 ይሆናል። 133 ለ7 ሲካፈል 19 ይደርሳል። 19 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ስለሆነ እዚያው ያበቃል። እንግዲህ 532 ማለት 4 × 7 × 19 ነው። 4ቱ የወንጌላውያን ዙር ነው፤ ጳጉሜን 6 የምትሆነው በየአራት ዓመቱ ነውና። 7ቱ ዕለታት ናቸው፤ 19ኙ ደግሞ ንዑስ ቀመር፣ የጨረቃው ዙር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዙሮቹን ዝም ብሎ ሲያባዛ ነው። ዓውደ ፀሐይ (የዕለትና የወንጌላዊ ዙር) 28፣ ዓውደ ማኅተም (የጨረቃና የወንጌላዊ ዙር) 76 ዓመት ነው፤ ሲባዙ 2,128 ይመጣል። ግን 28ም 76ም ውስጥ 4 አለ፣ ሁለቴ ተቆጠረ ማለት ነው። 2,128ን ለ4 ሲያካፍሉት 532 ይወጣል። የሚፈለገው ትንሹ የጋራ ብዜት ነው።

በቀን ሲቆጠር ይበልጥ ያምራል። 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው። ይህ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ስለዚህ ከማኅተም በኋላ ጨረቃውና ወንጌላዊው ይመለሳሉ፣ ዕለቱ ግን በ4 ይገፋል። ሰባት ጊዜ ሲደገም ትርፉ 28 ሆኖ በ7 ይገደፋል፤ ሰባት ሰባቱ ሲነሣ ምንም አይተርፍም። 532 ዓመት እንግዲህ ልክ 27,759 ሳምንት ነው።

ፋሲካ በዚያው ቀን ለመዋል 532 ዓመት አይጠብቅም። ከ95 ዓመት በኋላም ሊገጥም ይችላል፦ ወንበሩ (ዓመቱ በ19ኙ ዙር ውስጥ ያለው ቦታ) አንድ ነው፤ መሐል 24 ጊዜ ጳጉሜን 6 ከሆነች ዕለቱም ይገጥማል፣ 23 ከሆነ አይገጥምም። ሙሉው ሰንጠረዥ ሳይዛነፍ የሚደገመው ግን በ532 ብቻ ነው።

ከባሕረ ሐሳብ ውጭም ቁጥሩ የራሱ ጠባይ አለው። አካፋዮቹ 12 ናቸው፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፣ 19፣ 28፣ 38፣ 76፣ 133፣ 266 እና ራሱ። ራሱን ትተን ስንደምር 588 ይሆናል፤ ከ532 ይበልጣል። የ76 አካፋዮች ድምር በዚሁ ስሌት 64 ብቻ ነው። 28 ግን ፍጹም ቁጥር ነው፦ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28። እያንዳንዱን በ19 ሲያባዙ 19 + 38 + 76 + 133 + 266 ልክ 532 ይሰጣል። 532 አሥራ ዘጠነኛው ባለ አምስት ጎን ቁጥርም ነው (19 × 56 ÷ 2)፤ ይህ ግን ግጥምጥሞሽ ነው፣ ለስሌቱ የሚፈይደው የለም።

በ2018 እንሞክረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት ይጨመርበታል፦ 5500 + 2018 = 7518። ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል፤ የአሥራ አምስተኛው ቀመር 70ኛ ዓመት ነው። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ትቶ ወንበር 12። አበቅቴ (የጨረቃ ትርፍ ቀን) 12 × 11 = 132፣ በ30 ሲገደፍ 12። መጥቅዕ (በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ቁጥር) 12 × 19 = 228፣ ሲገደፍ 18። 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ 30 ይሞላሉ። ካልሞሉ ማባዛቱ ተበላሽቷል።

ያለ ቀሪ ሲካፈል ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። 2480 ዓ.ም. ሲደርስ 7980 ለ532ም ለ19ም እኩል ይካፈላል። ቀሪው ዜሮ ተብሎ አይጻፍም፤ ዓመቱ የቀመሩ 532ኛ፣ ወንበሩም 18 ነው።