ፍሪጁ እየሸሸኝ

2014 ላይ ፍሪጅ መግዛት አማረኝ። ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ፣ 27 ሺህ አሉኝ። በወር 2,500 ባስቀምጥ አስራ አንድ ወር ነው ብዬ አሰላሁና ባንክ ሄጄ ለፍሪጅ ብቻ የሚሆን ደብተር አወጣሁ። ማኪያቶ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር የምንበላው ክትፎ ቀረ። ራይድ መጥራት ትቼ እንደ ድሮዬ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ፣ ዝናብም ይሁን ፀሐይ። አስራ አንድ ወር ሞልቶ ገንዘቤን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ብሄድ ያው ፍሪጅ 39 ሺህ ገብቷል። ሻጩ አይቶኝ አዘነልኝ መሰለኝ፣ «እህቴ፣ ያኔ ተበድረሽም ቢሆን መግዛት ነበር» አለኝ።

ለእማዬ ደውዬ ሳለቅስባት፣ «ብር እኮ እንደ ጎመን ነው፣ ሲያድር ይጠወልጋል» ብላ ሳቀችብኝ።

ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። ይሄኛውን ለመረዳት ግን ጎበዝ መሆን አያስፈልግም። ብሔራዊ ባንክ ጥቅምት 2010 ላይ ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ስለዚህ 100 ብር አስቀምጬ ዓመት ስጠብቅ ባንኩ 107 አድርጎ ሰጠኝ፣ ገበያው ደግሞ የ100 ብሩን ዕቃ 130 አስገብቶ ጠበቀኝ። ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። ፍሪጅ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው።

እዚህ ላይ ብዙ ጓደኞቼ «እንግዲያውስ ብሉ ጠጡ፣ ቁጠባ የሞኝ ነው» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱም ያልቆጠበ ሰው ፍሪጅ ቀርቶ ልጁ ድንገት ቢታመም የሚይዘው የለውም፣ ይሄን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ስህተቱ መቆጠቤ ላይ አልነበረም፣ ብሩን አስተኝቼው መክረሜ ላይ ነበር።

አሁን የምቆጥበው በእቁብ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ 15 ሆነን በወር 3,000 እንጥላለን፣ ዕጣ የወጣለት 45 ሺህ ይዞ ይሄዳል። ዳኛችን የሒሳብ ክፍሉ ጋሼ ናቸው፣ ቀልድ አያውቁም። ደመወዝ በገባ በሦስተኛው ቀን ያልጣለ 100 ብር ይቀጣል፣ ዕጣ የደረሰው ሰው ደግሞ ዋስ ሳይጠራ ብር አይነካም። ዕጣው የሚወጣው ከቡና ስኒ ውስጥ ነው፣ ተጣጥፎ በተቀመጠ ወረቀት፣ ሁላችን ዙሪያውን ቆመን።

እቁብ ወለድ የለውም። እንዲያውም እንዲህ ባለ ዘመን መጨረሻ የሚበላው ሰው ይጎዳል፣ መጀመሪያ የበላው 45 ሺህ ብዙ ነገር ሲገዛ የመጨረሻው 45 ሺህ ያንኑ አይገዛም። እኛ በዚህ ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን አንድ ነገር ላይ ደረስን፣ በአንዱ ዙር ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ የበላ ሰው በሚቀጥለው ዙር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ፍጹም አይደለም፣ ግን ኩርፊያውን ቀንሶታል።

ታዲያ ወለድ ከሌለው ምን ያደርግልኛል? ያሳፍረኛል። ባንክ ውስጥ ያለ ብር ጠያቂ የለውም። ማታ 5 ሰዓት አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ፣ ስልኬን ከፍቼ፣ ያየሁትን ጫማ ብገዛበት ማንም «ምነው?» አይለኝም። ጋሼ ግን ይሉኛል። በ15 ሰው ፊት «የእገሊት አልገባም» ከሚሉ ክትፎ ለሁለት ወር ባልቀምስ ይሻለኛል። ራሴን የማውቅ ሰው ነኝ፣ ብቻዬን ስሆን ቆጣቢ አይደለሁም።

ቤት ውስጥ መደበቅማ አይወራም። አክስቴ ብሯን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጥ ነበር። መስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ይቀየሩ ሲባል፣ ባሏም ልጆቿም የማያውቁትን ጥቅል ይዛ ባንክ መሰለፍ ግድ ሆነባት። የሦስት ወር ጊዜ ነበር የተሰጠው፣ እሷ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የተጋለጠችው። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ባሏ «ነጠላዋን ፈትሹ» ይላል።

ከወጪ ቅነሳው ውስጥ የጠቀመኝ ምሳ ዕቃ ብቻ ነው። ማኪያቶውን መልሼ ጀምሬያለሁ፣ አትፍረዱብኝ። ምሳ ግን መሥሪያ ቤታችን አካባቢ 250 ብር ነው፣ በወር 22 ቀን ብበላ 5,500 ነው፣ የእቁቤን ጥሎ ይተርፋል። መጀመሪያ ሽሮ ይዤ ስመጣ ትንሽ አፍሬ ጥግ ላይ ነበር የምበላው። አሁን አምስት ሆነናል፣ አንዷ ምስር፣ አንዱ ጎመን፣ ሌላዋ በፆም ካልሆነ ቀይ ወጥ እያመጣች አንድ ላይ ቆርሰን እንበላለን፣ ከሆቴሉ የተሻለ ነው።

ሰው «ቋጣሪ» ይለኛል፣ ይበል። እማዬ የስኳር ላስቲክ አጥባ የምታሰጣ ሴት ነበረች፣ አሁንም ናት። ለቅሶ ላይ ግን ቆጥባ አታውቅም። የእድሯን መዋጮ አንድ ወር አሳልፋ አታውቅም፣ ጎረቤት ሲያዝን እንጀራው ከእሷ ቤት ነው ተይዞ የሚሄደው። እኔ ስስታም የምለው እዚያ ላይ የሚሰስተውን ነው።

እማዬ ጤፍ የምትገዛው በጥር ነበር፣ አዲሱ እህል ተወቅቶ ገበያ ሲሞላ። ክረምት ላይ ሲወደድ እሷ ከጎተራዋ ትጨልፋለች። በርበሬና ሽሮም እንደዚያው፣ አንዴ ተዘጋጅቶ ዓመቱን ሙሉ። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራ እንጂ ቁጠባ አይመስለኝም ነበር። እኔ ደግሞ ከተሜ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ እንጀራ ከሱቅ በቁጥር ስገዛ ኖርኩ።

ባለፈው ጥር ዕጣዬ ወጣ። ፍሪጅ ይገዛበታል ብላችሁ ከሆነ አልተገዛም። ከፎቅ ጎረቤቴ ጋር ተነጋግረን ሁለት ኩንታል ጤፍ ገዛን፣ አንድ አንድ ተካፈልን። የተረፈውን ደግሞ አንድ ምጣድ ላይ አዋልነው፣ እሷ ቤት ተቀምጧል፣ ቅዳሜ ጠዋት ተራ በተራ እንጋግራለን፣ እየጋገርን የምናማው ሰውም አይጠፋም። ችግሩ አንድ ነው። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ኩንታሉ የሚቆምበት ቦታ ያገኘሁለት በሩ ኋላ ብቻ ነው፣ እስከ ሚያዝያ ድረስ የመጣ እንግዳ ሁሉ ጎኑን አዙሮ ነበር የሚገባው። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩ አልከፈት ሲላት ምን እንደሆነ ገባትና ሳታንኳኳ ደጅ ቆማ እልልታዋን ለቀቀችው።