ጉድጓዱ ያልጠጣው ጭቃ

ሪግ (የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ) ላይ አዲስ የሚመጡ ልጆች ብዙ ጊዜ የቁፋሮ ጭቃው፣ ማለትም በቧንቧ ወርዶ በጉድጓዱ የሚመለሰው ፈሳሽ፣ ወፈረ ማለት ከበደ ማለት ይመስላቸዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብደት የሚሰጠው ባራይት የሚባል ከባድ የድንጋይ ዱቄት ነው፣ ውፍረት የሚሰጠው ደሞ ቤንቶናይት የሚባል ሸክላ፣ ፖሊመር፣ ከዛ ደሞ እኛ ሳንፈልገው ከጉድጓዱ ራሱ የሚገባበት ደቃቅ ሸክላ። ክብደቱ ታች ያለው ጋዝ እንዳይወጣ ተጭኖ ይይዛል፣ ውፍረቱ የተፈጨውን ድንጋይ ተሸክሞ ያወጣል፣ ፓምፕ ሲቆም ደሞ ድንጋዩ እንዳይዘቅጥ አንጠልጥሎ ያቆየዋል። ይሄ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ቧንቧ ስናወጣ ባደርንበት አንድ ሌሊት ነው።

ጉድጓዱ 3000 ሜትር ገደማ ደርሷል፣ የጭቃው ክብደት 1.20 ነው (ውሃ 1 ሲሆን)፣ ሲሰላ ታች ላይ ወደ 353 ባር ይጫናል ማለት ነው። የጋዙ ግፊት ከዛ ዝቅ ያለ ስለነበር ጭቃው ቆሞ እያለ ጉድጓዱ ጸጥ ያለ ነው፣ ችግሩ ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም።

ከኛ በፊት በነበረው ሽፍት የሼከሩ፣ ማለትም ከጉድጓድ የተመለሰውን ጭቃ እያንቀጠቀጠ የሚያጣራው ማሽን፣ ወንፊት ተቀዶ ነበር። ቀዳዳው መዳፍ አያክልም፣ ግን ጭቃው ሳይቋረጥ ስለሚያልፍበት ሸክላው ሳይጣራ ተመልሶ ታንክ ይገባል፣ ከታንክ በፓምፕ ወደ ጉድጓድ፣ እዛ ደሞ ቢቱ (ድንጋዩን የሚፈጨው የቧንቧው ጫፍ) የበለጠ ይፈጨዋል፣ አንዴ ከደቀቀ በኋላ ጥሩ ወንፊትም አይዘውም። ውፍረቱ በማርሽ ፈነል፣ ጭቃው ፈሶ እስኪያልቅ ሰከንድ በሚቆጠርበት ፈነል፣ ሲለካ ንጹህ ውሃ 26 ሰከንድ ነው የሚፈጀው፣ የኛ ጭቃ 50 አካባቢ የነበረው ከ80 አልፏል። ከዛ የባሰው ጄሉ ነው፣ ጭቃው ሲቆም የሚረጋው መርጋት። 10 ሰከንድ ቆሞ ደህና የሚመስለው ጭቃ 10 ደቂቃ ሲቆም እንደ ሙጫ ይይዛል። ማድ ኢንጂነሩ (የጭቃው ባለሙያ) ጭቃው ይቅጠን፣ ወንፊቱ ይቀየር ብሎ ሪፖርቱ ላይ ጽፏል፣ ቢቱ ግን አልቆ ነበርና ከላይ ያሉት ሰዎች "መጀመሪያ ቧንቧው ይውጣ፣ ሌላው ይደርሳል" አሉ። ወንፊት መቀየር እኮ የደቂቃዎች ስራ ነው! እስካሁን ያናድደኛል።

ቧንቧ ስታወጣ የወጣውን ብረት ቦታ ጭቃ መሙላት አለበት። ለዛ ነው ትሪፕ ታንክ የተባለው ትንሽ ታንክ ያለው፣ ጉድጓዱ ስንት እንደጠጣ በትክክል እንድታይ። በ5 ኢንች ቧንቧ አንድ ስታንድ (አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተያያዘ ቧንቧ) ሲወጣ 0.7 በርሜል ገደማ፣ አምስት ስታንድ ሲሆን 3 ተኩል አካባቢ መጠጣት አለበት። የመጀመሪያው አምስት ስታንድ ላይ ሁለት ተኩል ጠጣ። መዝጋቢው ልጅ የታንኩ መለኪያ ተጣብቆ ይሆናል ብሎ ወርዶ በአይኑ አየው፣ መለኪያው ልክ ነው። በሚቀጥለው አምስት ደሞ ከዛም አነሰ፣ ሁለት እንኳን አልሞላም።

ድሪለሩ (ቁፋሮውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው) ሲነገረው ወዲያው ቆመና ፍሎው ቼክ አደረገ፣ ማለትም ጉድጓዱ በራሱ ይፈስ እንደሆነ አየ፣ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን እያየን ነው፣ ምንም የሚፈስ ነገር የለም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው። አይፈስም ማለት አልገባም ማለት አይደለም። ጭቃው ወፍሯል፣ ቢቱ ላይ ሸክላ ተለጥፏል፣ ፍጥነታችን ትንሽ በዝቷል፣ እና ቢቱ ወደ ላይ ሲሳብ እንደ መርፌ ሲሪንጅ ከስሩ ያለውን ይስባል፣ ለዛች ቅጽበት ታች ያለው ግፊት ከጋዙ ግፊት በታች ይወርዳል፣ ጋዙ ትንሽ ይገባል፣ መሳቡ ሲቆም ጭቃው መልሶ ይጫነውና ሁሉም ጸጥ ይላል። ጭቃው ያልሞላው ቦታ ግን ባዶ አይደለም፣ ጋዝ አለበት።

አንዱ ኃላፊ ጉድጓዱ አይፈስም፣ እንቀጥል አለ። ድሪለሩ እምቢ አለ፣ ድምጹንም ከፍ አላደረገም፣ "የጎደለው የት እንደሄደ ሳላውቅ አንድ ስታንድ አላወጣም፣ ወደ ታች እንመለሳለን" አለና የትሪፕ ታንኩ ቁጥር የተመዘገበበትን ወረቀት አሳየው። ስልጣኑ አለው፣ የቁፋሮ ህግ ላይ ማንም ሰው ስራ ማስቆም ይችላል ይባላል፣ ግን ሌሊት ሁሉም ሰው ደክሞ እያለ ሲጠቀምበት ማየት ሌላ ነው።

ቀስ ብለን ወደ ታች ተመለስን፣ ፓምፕ ተከፈተ፣ መጀመሪያ ደህና ነበር። ከታች የነበረው ጭቃ ወደ ላይ እየተጠጋ ሲመጣ ግን የጋዝ ንባቡ ወጣ፣ ታንኩ ላይ የጭቃው መጠን መጨመር ጀመረ። ጋዝ 3000 ሜትር ላይ አንድ በርሜል ቢሆን ላይ ሲደርስ ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ አብዛኛው መስፋት ደሞ መጨረሻዋ ላይ ነው የሚሆነው፣ ለመሮጥ እንኳን ጊዜ አይሰጥም። ድሪለሩ አስቀድሞ ስለጠበቀው ቢኦፒው (የጉድጓዱን አፍ የሚዘጋው ትልቅ ቫልቭ) ተዘጋ፣ ጋዙ ፍሰቱን በሚቆጣጠረው ቾክ በኩል፣ ጋዝን ከጭቃ በሚለየው ሴፓሬተር ወጥቶ ተቃጠለ፣ ሰው አልተጎዳም። ቧንቧውን እያወጣን ቢሆን ኖሮ፣ ቢቱ ከጋዙ በላይ ሆኖ፣ ምን ልናደርግ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዲፕዋተር ሆራይዘን ላይ 11 ሰው ከሞተበት ምክንያት አንዱ ጉድጓዱ እየፈሰሰ እንደሆነ ምልክቱ በጊዜ አለመያዙ ነው።

ከሼከሩ ላይ የተወሰደው ጭቃ ሲመዘን 1.08 አሳየ፣ ወዲያው ባራይት ይጨመር የሚል ሰው ተነሳ። ማድ ኢንጂነሩ በጭራሽ አለ። ሚዛኑን ያቀለለው ጭቃው ውስጥ ያለው አረፋ ነው፣ ጋዙ ከወጣለት በኋላ ያው 1.20 ነው። ዝም ብሎ ማክበድ ላይ ያለውን ደካማ ድንጋይ ሰንጥቆ ጭቃውን ሊያስበላን ይችል ነበር፣ ጭቃው ከጠፋ ደሞ ከፍታው ይወርዳል፣ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል፣ ከአንድ ችግር ሁለት።

የተደረገው ይሄ ነው፣ ወንፊቱ ተቀየረ፣ ደቃቁን ሸክላ የሚለየው ሴንትሪፊዩጅ ተከፈተ፣ ጭቃው በውሃና በሊግኖሰልፎኔት (ማቅጠኛ ኬሚካል) ቀጠነ፣ ክብደቱ እንዳይወርድ ብቻ የምትበቃ ባራይት ተጨመረ፣ ጄሉ እስኪስተካከል ተጠበቀ። ቧንቧውን ሁለተኛ ጊዜ ስናወጣ የመጀመሪያዎቹን ስታንዶች ፓምፕ ሳናጠፋ አወጣን፣ ከዛ ፓምፑ ቆሞ ትሪፕ ታንኩ ላይ ስንገባ ጉድጓዱ በየአምስቱ ስታንድ 3 ተኩል፣ 3 ተኩል በርሜል እየጠጣ ቧንቧው ወጣ።