አንገታቸውን ሲነኩ

ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ነኝ። በዐቢይ ጾም ከጮቄ ሥር ካለ ቀበሌ አንድ አባት በቃሬዛ መጡ። ስትሮክ ነበር። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ከአፋቸው የሚወጣው «እንደው፣ እንደው» ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው «ልቡናውን ስቷል» ማለት ይቀናናል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ያየው ሕመምተኛም ከ«ታን» በቀር የሚወጣው ቃል እምብዛም አልነበረም፤ የሚሉት ግን ይገባው ነበር። እኒህም አባት «ዓይንዎን ይጨፍኑ» ስላቸው ይጨፍናሉ። እስክሪብቶ ማስያዝ አይረዳም፤ ንግግርን የሚወስደው ጉዳት ብዙ ጊዜ ጽሕፈቱንም ይወስዳል። ስለዚህ በመድኃኒት ካርቶን ላይ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት፣ ብርድ፣ ሕመም ሣልኩላቸው።

ልጃቸው ወተት ስታቀርብ ፊታቸውን አዞሩ፤ በግራ እጃቸው አንገታቸውን ያዙ። የሕመሙን ሥዕል አሳየኋቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። አዎ ይሁን አይደለም በምን እንደሚለይ አስቀድሜ አልተስማማሁም ነበር። ፋይሉ ላይ «ጉሮሯቸውን ያማቸዋል፣ መዋጥ አልቻሉም» ብዬ ጻፍኩ። በማንኪያ ውሃ እንኳ አልሞከርኩም። ከስትሮክ በኋላ መዋጥ የሚቸገር ብዙ ስለሆነ ሐኪሙ በጽሑፌ አምኖ በአፍንጫ ቱቦ እንዲገባ አዘዘ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ቱቦውን ይዤ ስጠጋ እጄን ገፉኝና ከጋቢያቸው ሥር የጠቆረች ክር በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጉ። ማተባቸው።

«አባ፣ ጾም ነው እያሉኝ ነው? ከሆነ እጄን ይጨብጡኝ» አልኳቸው።

አጥብቀው ጨበጡኝ። ልጃቸው እንባዋ መጣ፤ «ለታመመ ጾም የለም ብያቸው ነበር እኮ ሲስተር!»

ቀና አድርጌ አስቀምጬ አንድ ማንኪያ ውሃ ላቀርብ ስል አፋቸውን ገጠሙ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ተቀበሉኝ፤ ሳይስሉ ዋጡ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ልጃቸው ወተት የሌለበት አጥሚት አመጣች። ቱቦው ቀረ።

ካርቶኑ ጥግ ላይ መስቀል የያዘ ቄስ ጨመርኩ። ገና ሥዕሉን ሳልጨርስ ጣታቸውን ጫኑበት፤ የነፍስ አባታቸውን ፈልገው ኖሯል። ሰሌዳዬ ላይ የነበረው ሁሉ እኛ ልንጠይቃቸው የምንፈልገው ነበር፤ እሳቸው ሊሉን የፈለጉት አንድም አልነበረበትም።

ሲወጡ ካርቶኑን ለልጃቸው ሰጠኋት። ከመስጠቴ በፊት ግን አጠገባቸው ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እየጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም እጇን እየጨበጡ፣ በጀርባው በሬዎቹን፣ ላሚቱን፣ ደጀ ሰላሙን ሣልኩ።