የአባዬ የበረራ መዝገብ

ዛሬ ጠዋት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለን የአባዬን ይግባኝ ጻፍን። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አባዬ በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር ከድሬዳዋ አየር ምድብ እየተነሳ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ያበርር ነበር። በአገልግሎት ማኅደሩ ላይ ግን የእነዚያ ወራት የበረራ ሰዓት የለም። ባዶ ነው። ይግባኙም ለዚሁ ነው።

የራሱ ሎግ ቡክ (የበረራ መዝገቡ) ግን አለ፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ እያንዳንዱ በረራ በቀንና በደቂቃ ተጽፏል፣ ከጎኑ የአዛዡ ፊርማ። አንዷ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «በዚች ቀን አብሮኝ የወጣው አልተመለሰም» አለኝ። ብዙ ቆየን፣ ምንም ሳንጽፍ።

ጡረታው ላይ ብዙም አይጨምርለትም (እሱም ያውቀዋል)። ያንገበገበው ያቺ ቀን እንዳልነበረች ሆና መቅረቷ ነው። ሙቀቱ ሳይበረታ ይግባኙን አስገባን። ማኅተም የተመታበትን ቅጂ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።