አርሃቪ ላይ ድርጭት በጭልፊት ሲታደን

ወሎ ላደገ ሰው ጭልፊት ጫጩት ነጣቂ ናት። ሰማይ ላይ ስታንዣብብ ካየቻት እናቴ የያዘችውን ጥላ እየጮኸች ወደ ጓሮ ትሮጥ ነበር። ስለዚህ እዚህ ቱርክ፣ ትራብዞን ከተማ፣ አብሮኝ የሚማር ልጅ «አባቴ ጭልፊት ይዞ ድርጭት ያድናል» ሲለኝ አላስቻለኝም፤ ውሰደኝ አልኩት።

አርሃቪ ከጥቁር ባሕር ዳር፣ ወደ ጆርጂያ ድንበር ሲጠጉ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከፊቷ ባሕር፣ ከኋላዋ ሻይ የለበሰ ተራራ ነው። መስከረም ሲገባ ድርጭቶች ከሰሜን ተነሥተው ሌሊቱን ባሕሩን ያቋርጡና ደክመው ዳርቻው ላይ ያርፋሉ። በዚያው ሰሞን ጭልፊቶችም ተራራውን ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የአካባቢው ሰው አደኑን የመሠረተው በዚህ መገጣጠም ላይ ነው።

ቱርኮቹ አትማጃ የሚሏት ይህች ጭልፊት ትንሽ ናት። ለአደን የሚፈለጉት ሴቶቹ ናቸው፤ ትልቅ የተባለችው 300 ግራም ገደማ ብትመዝን ነው፣ ወንዱ ከዚያም በጣም ያንሳል። አያያዛቸውን በዓይኔ አላየሁም፣ የጓደኛዬ አባት እንደነገሩኝ ልጻፈው። በመጀመሪያ አፈር ውስጥ የምትኖር ፌንጣ መሳይ ነፍሳት ቆፍረው ያወጣሉ። እሷን ማጥመጃ አድርገው ጀርባዋ ቀላ ያለ ትንሽ ወፍ ይይዛሉ። ወፏን አላምደው ዱላ ጫፍ ላይ ያስሯትና ነሐሴ መጨረሻ ተራራው ጫፍ ላይ ይወጣሉ። ከቅጠል በተሠራ ዳስ ተደብቀው ዱላውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉት ወፏ ክንፏን ታራግባለች፤ ጭልፊቷ ከሩቅ አይታ ስትወረወር ፊት ለፊት የተዘረጋው ስስ መረብ ይቀበላታል። ትንሿ ወፍ እንዳትደነግጥ ዓይኗን በከፊል ይሸፍኑታል። ይህን አልወደድኩትም፣ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። «ወቅቱ ሲያልቅ እሷም ትለቀቃለች» አሉኝ። አሁንም ልቤ አልተቀበለውም።

ማላመዱ በብዛት የሚካሄደው ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጭልፊቷን እጃቸው ላይ አስቀምጠው ከሰው መሀል ይውላሉ፤ ጫጫታውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ውሻውን ትለምዳለች። ከእጅ ሥጋ መብላት ስትጀምር በረጅም ክር ታስራ ከሩቅ እየበረረች ትመጣለች። በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ለአደን ትደርሳለች። ከባዱ ነገር ምግቧን መመጠን ነው። ከጠገበች ዛፍ ላይ ወጥታ ጥሪ አትሰማም፤ እጅግ ከራባት ደግሞ እንደዚህ ያለች ትንሽ ወፍ ቶሎ አቅም ታጣለች። አባትየው ሚዛን የላቸውም። የደረቷን አጥንት በጣታቸው ዳብሰው ያውቁታል፤ እኔም እንድዳብስ ፈቀዱልኝ፣ ልቧ ግን እንዲያ ሲመታ ስለተሰማኝ ሌላ ነገር ማስተዋል አልቻልኩም።

ጠዋት በቆሎው ወደታጨደበት ማሳ ወረድን። ውሻው ከፊት እያሸተተ ሄደ። እሳቸው ጭልፊቷን ጓንት ላይ አላቆሟትም፤ ክንፏን ሰብስበው በባዶ መዳፋቸው ነው የያዟት፣ ጭንቅላቷ ወደ ፊት። ውሻው ድንገት ደርቆ ቆመ። ሁላችንም ቆምን። ድርጭቷ ከእግራችን ሥር ብር ብላ ስትነሣ «ቢስሚላህ» ብለው ጭልፊቷን እንደ ድንጋይ ወረወሯት። የእግሯ ቃጭል አንዴ ጮኸ፤ ሣሩ ላይ ሲወድቁ እንጂ ስትደርስባት አላየሁም። ድርጭቷ በሕይወት ስለነበረች ፈጥነው አረዷትና ለጭልፊቷ ቁራሽ ሰጧት። ቁርኣን ውስጥ ስለሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት የሚናገረውን የሱረቱል ማኢዳን አንቀጽ በልጅነቴ ቀርቼዋለሁ፤ እንዲህ ሲሠራበት ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ሁለተኛዋ አመለጠች። የሻዩ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ጭልፊቷ ዛፍ ላይ ተቀመጠች። አባትየው ሥጋ ይዘው እያፏጩ ከሥር ቆሙ። ረጅም ጊዜ ነው የቆሙት፤ አልተቆጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። በመጨረሻ ራሷ ወርዳ እጃቸው ላይ አረፈች።

ለአደኑ ፈቃድ አላቸው፣ የሚታደነውም ቁጥር የተገደበ ነው። ድርጭቱ ሲያልቅ ማሰሪያዋን ፈትተው ይለቋታል። «አያሳዝንም ወይ?» ብላቸው «ካልለቀቅናት ጎጆ የምትሠራው መቼ ነው? የሚመጣው ዓመት ጭልፊትስ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። ከጎበዝ ወፍ መለየት አቅቷቸው የሚያከርሙ ሰዎች እንዳሉ ሲያወሩ ግን ፊታቸው ጠቆረ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሁለቱም ዝርያዎች፣ ድርጭቱም ጭልፊቱም፣ ከሰሜን እየመጡ ኢትዮጵያ ድረስ ወርደው ይከርማሉ፤ መንገደኛን ወፍ ለአንድ ወቅት አገልግሎት ይዞ ማስቀረት አግባብ አይመስለኝም።

በሚቀጥለው ነሐሴ መጨረሻ ዳሱ ድረስ እንድወጣ ጋብዘውኛል። ጭጋጉ ስለሚበርድ ወፍራም ጃኬት ያዝ ብለውኛል። መረቡንና ያችን ትንሽ ወፍ በዓይኔ አይቼ እጽፋለሁ፣ ኢንሻአላህ።